የእናቴን ክረምት ለልጆቼ እንዴት ላካፍል?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። 45 ዓመቴ ነው፤ የ14፣ የ12 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። እኔ አዲስ አበባ ባድግም፣ ሰኔ 30 ካርድ ከተቀበልን በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አያቴ ዘንድ እንላክና እዚያው እንከርም ነበር። ዘንድሮ እናቴ መጥታልኛለች፤ እስከ መስከረም አጋማሽ ትቆያለች። ያንን ክረምት ለልጆቼ ልንገራቸው ብዬ ስጀምር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልካቸውን ያነሳሉ። እናቴን «ንገሪያቸው እንጂ» ስላት «ምን የሚነገር ነገር አለው፣ ዝናብና ጭቃ» ብላ ትተወዋለች። ወንድሜ ደግሞ «እንደሱ አልነበረም» እያለ ያቋርጠኛል፤ ጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ማዶ ያደርንበትን ዓመት እንኳ አልተስማማንም። እጄ ላይ 40 ያህል ፎቶዎች፣ አሜሪካ እንደገባሁም አያቴ ድምፅዋን ቀድታ የላከችልኝ ሁለት ካሴቶች አሉ። እናቴ ከመመለሷ በፊት ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከሁሉ አስቀድመው የእናትዎን ድምፅ ይቅዱ። ፎቶዎቹ እስከ ዛሬ ቆይተዋል፤ ጥቂት ወራት ቢጨመሩባቸው አይጎዱም። ካሴቶቹ ከፎቶዎቹ ይልቅ ያስቸኩላሉ፣ ግን እነሱንም እናትዎ ከተመለሱ በኋላ መሥራት ይቻላል። እናትዎ ቤትዎ ተቀምጠው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙት ግን አሁን ብቻ ነው። የልጆቹም ጉዳይ ከዚሁ ጋር አብሮ ይፈታል።

እናትዎ «ምን የሚነገር ነገር አለው» ማለታቸው ወሬ ጠፍቷቸው አይደለም። «ስለ ድሮው ክረምት ንገሪያቸው» የተባለ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፤ «ደግ ጊዜ ነበር»፣ «ዝናብ ነበር» ብሎ ያበቃል። ጥያቄው በጣም ሲሰፋ ከየት እንደሚጀመር አይታወቅም። ስለዚህ ወደ አንድ ዕቃ፣ ወደ አንድ ሥራ፣ ወደ አንድ ሰዓት ያጥብቡት። በ1950ዎቹ ጎጃም ገጠር ላደጉ እናት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ይሠራሉ፦ ሐምሌ ላይ እንጨቱ ሁሉ ርሶ እሳት በምን ይያያዝ ነበር? ዝናብ ሳይገባ የተሰበሰበው ኩበት የት ይቀመጥ ነበር? ቤቱ የሚያፈስበት ቦታ የት ጋ ነው፣ ከሥሩስ ምን ይደቀን ነበር፣ ሌሊት ሲሞላ ተነሥቶ የሚደፋው ማን ነው? ገሳውን (ከሣር የሚሠራውን የዝናብ ልብስ) የሚሠራው ማን ነው፣ የልጅ ልክ ነበረው ወይስ የትልቅ ሰው ገሳ እየጎተታችሁ ነው የምትለብሱት? ጤፍ ሊዘራ ማሳው በከብት ሲረገጥ ልጆች የት ይቆማሉ? ከብት ማዶ ሳለ ወንዙ ቢሞላ እረኛው የት ያድራል?

ከእነዚህ አንዷ ብቻዋን ግማሽ ሰዓት ታስወራለች። ስለ ገሳው የተጠየቀ ሰው ስለ ሣሩ ያነሳል፤ ሣሩ የሚታጨድበትን ቦታ ያነሳል፤ ከዚያ አብሮት ያጭድ የነበረውን ሰው ስም ይጠራል። «ደስ ይልሽ ነበር?» ዓይነት ጥያቄ ግን ይተው፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ሆኖ ይዘጋል። ስሜቱ ካለ ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣል።

ጠያቂው እርስዎ ባይሆኑም ይመረጣል። እናትዎ እርስዎን ሲያዩ «ይህንንስ ታውቀዋለች» ብለው ይዘሉታል፤ አብዛኛውን ደግሞ እውነትም ያውቁታል። የ12 ዓመቱ ልጅ ግን ኩበት ምን እንደሆነ አያውቅም። አያት ለልጅ ልጃቸው ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳሉ፤ የተሟላውም ነገር የሚገኘው ከዚያ ነው። አምስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ ፊደል ካልቆጠረ በሚያነብበት ፊደል ይጻፉለት። አማርኛው ቢሰባበር አያርሙት። እናትዎ ራሳቸው ያርሙታል፤ እርማቱም በቅጂው ውስጥ ይቀራል። እሱም «ከዚያስ?» ማለትን ብቻ ይልመድ።

አንድ መልስ አለቀ ሲባል ወዲያው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አይሂዱ። በልብዎ እስከ ሰባት ይቁጠሩ። ሰው ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር የሚያወጣው ጨርሻለሁ ብሎ ዝም ካለ በኋላ ነው፤ ብዙ ቅጂዎች የሚበላሹትም ጠያቂው ያን ዝምታ ፈርቶ ስለሚሞላው ነው። ሌላው ደግሞ የእጅ ምልክት ነው። «ይህን ታህል ነበረች» ሲሉ ድምፅ መቅጃው አያይም። ልጁ «የክንድ ያህል ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚሰማ ሰውም ይገባዋል።

ለመቅጃ ስልክዎ ይበቃል። አብሮት የመጣውን የድምፅ መቅጃ ይክፈቱና የጥራት ምርጫ ካለው ከፍተኛውን ይያዙ። ያልታመቀ ቅጂ በሰዓት 300 ሜጋባይት ያህል፣ የታመቀው 30 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱም ለስልክ የሚከብዱ አይደሉም። ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ መሃል ላይ ጥሪ ከገባ ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። የታጠፈ ፎጣ ላይ ያስቀምጡት፣ የታችኛው ጫፉን (ማይክሮፎኑ እዚያ ነው) ወደ እናትዎ አዙሩት፣ ከአፋቸው ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ይራቅ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ እያንዳንዱ የጣት መታ መታ እንደ በር ማንኳኳት ይሰማል። ወጥ ቤት አይሁን፤ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም እናንተ ለምዳችሁት አትሰሙትም፣ መቅጃው ግን ይሰማዋል። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት መኝታ ቤት ከሰፊው ሳሎን ይሻላል። የአየር ማቀዝቀዣውን ለዚያች ሰዓት ያጥፉት። አንድ ደቂቃ ቀድተው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ የእጅ አምባር የሚያንኳኳ ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ብዙ ሰው «ቡና ተፈልቶ ይወራ» ይላል። ወሬው እውነትም ይጥማል፤ ነገር ግን ቆላው፣ ወቀጣውና የሲኒው ጩኸት ግማሹን ንግግር ይውጠዋል። አቦሉ ተቀድቶ ሁሉም ሲኒውን ከያዘ በኋላ ቢጀምሩ፣ ረከቦቱ ላይም ጨርቅ ቢያነጥፉ ይሻላል። እጃቸው ሥራ ከፈለገ ጸጥ ያለ ሥራ ይስጧቸው፤ ጥጥና እንዝርት ይዘው መጥተው ከሆነ ከእሱ የተሻለ የለም፣ ከሌለም ነጭ ሽንኩርት መላጥ ይሆናል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት ስለማይጠበቅበት ዘና ብሎ ያወራል።

በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ልጁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሁሉንም ሰው ሙሉ ስም ይናገር። ከ40 ደቂቃ አይበልጥ፤ ድካም ሲመጣ መልሱ ያጥራል፣ ሰዎችም ይምታታሉ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ ቢሆን፣ በሳምንትም ሁለት ጊዜ ቢበቃ መልካም ነው። ፋይሉን እንደ ቀዱ ስም ይስጡት፤ «2025-07-27-ገሳ» ብለው ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለው ቢጽፉ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። የኢትዮጵያውን ቀን (ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.) በድምፅ ይናገሩት። ሁለቱን አቆጣጠር በፋይል ስም ላይ ቢቀላቅሉ በዓመቱ እናንተው ራሳችሁ አትለዩትም።

እናትዎ ወሬ አልወጣላቸው ካለ አንድ ሰፊ ወረቀት ያምጡና ያደጉበትን ግቢ ይሣልላቸው ዘንድ የ9 ዓመቱን ልጅ ያስቀምጡት። በሩ በየት ይዞራል? መደቡ የት ነው፣ እሳቱ የት ነው፣ ጥጆቹ የት ያድራሉ፣ ጎተራው ከቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? ልጁ ሲሳሳት «አይ አይ፣ እሱማ በስተጀርባ ነው» ይላሉ፤ ያቺ «አይ አይ» ናት በሩን የምትከፍተው። ድምፁም አብሮ ይቀዳ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ቁጥር ጽፈው ቁጥሩን በድምፅ ቢጠሩት ወረቀቱና ቅጂው ይገናኛሉ።

አሁን ወደ ልጆቹ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልክ የሚያነሱት ንቀት ስላላቸው አይደለም። ለሜሪላንድ ልጅ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራት ፀሐይ፣ ሙቀትና ዋና ናቸው። እርስዎ «ክረምት አያቴ ዘንድ» ሲሉ እሱ በሐሳቡ የሚያየው ያንን ነው፤ ጭቃው፣ ብርዱና ጭሱ በሥዕሉ ውስጥ የሉም። መጀመሪያ ሥዕሉን ያቃኑለት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ ልጆች በሙቀት በሚዝሉበት በሐምሌ ወር እዚያ ሰው ጋቢ ተከናንቦ እሳት ዳር ይቀመጣል። ከዚያ ትልቁን ልጅ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጡትና የሳተላይት ካርታ ይክፈት፦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሃ ጽዮን አድርጎ ወደ አባይ በረሃ መውረጃውን ጠመዝማዛ፣ ድልድዩን፣ ወደ ደጀን መውጫውን፣ ከዚያ እስከ ደብረ ማርቆስ፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሁን ጎን ለጎን ሁለት ድልድይ ይታያል፤ እርስዎ በአውቶቡስ ሲያልፉ አዲሱ አልነበረም። ለታዳጊ ልጅ ራሱ አሳድዶ ያገኘው ቦታ ከተነገረው ቦታ ይበልጣል።

ሲነግሯቸውም ጠቅላላውን ክረምት አይንገሯቸው። ከሦስት ደቂቃ የማትበልጥ አንዲት ሰዓት ብቻ፤ እራት ላይ ወይም መኪና ውስጥ። ከዕቃ ይጀምሩ፦ «የአያቴ ቤት ውስጥ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር የምትቀመጥ አንዲት የጠረሰች ድስት ነበረች» ብለው ከዚያ ጠብታዋ ምን ድምፅ እንደነበራት ይንገሯቸው። «እናንተ ይህን ሁሉ አግኝታችሁ» የሚል ቃል በጭራሽ አይግባ። ልጅ ትዝታው ተግሣጽ መሆኑን ያወቀ ቀን ጆሮውን ይዘጋል፤ ያ የተዘጋ ጆሮ ደግሞ በቀላሉ አይከፈትም። በዚህ ላይ አጥብቀን እንለምንዎታለን።

ከንግግር ይልቅ እጅ የሚነካው ይቀራል፣ ቡሄም በራፍ ላይ ነው። ነሐሴ 13 በፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 19 ነው። ሙልሙሉን ከእናትዎ ጋር ይጋግሩ። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ። ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤም ወተትም አይገባም። እስኪለሰልስ 10 ደቂቃ ያህል ይታሻል፤ እጥፍ እስኪሆን አንድ ሰዓት ወይም ጥቂት በላይ ይቆያል፤ ከዚያ 120 ግራም በሚመዝን ድብልብል ሲከፈል 13 ያህል ይወጣል። ኮባ በማይገኝበት አገር የእስያና የላቲን አሜሪካ ሸቀጥ መደብሮች በረዶ ያደረገ የሙዝ ቅጠል ይሸጣሉ። ቅጠሉን በረዶው ከቀለጠለት በኋላ በምድጃው ነበልባል ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፉት፤ ቀለሙ ደምቆ ይለሰልሳል። ይህን ያልተደረገበት ቅጠል ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። የተድበለበለው ሊጥ ቅጠሉ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ በ400 ዲግሪ ፋራናይት በደንብ በጋለ ምድጃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበስላል። ሥሩ እርጥብ ሆኖ የሚቀረው ምድጃው ሳይግል ሲገባ ነው። ከመጋገሩ በፊት እናትዎን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋቸው፦ እነሱ ቤት ለጨፋሪ ልጅ ስንት ሙልሙል ይሰጥ ነበር፣ ለእልፍኙ ልጅስ? መቅጃው ክፍት ይሁን።

እሸት በቆሎም በዚያው ወር አሜሪካም ይደርሳል፣ ግን እናትዎን ያስጠነቅቋቸው፤ የአሜሪካ ገበያ በቆሎ ስኳር የበዛበት ዝርያ ነው። እናትዎ ቀምሰው «ይሄ በቆሎ አይደለም» ሊሉ ይችላሉ። ያ ራሱ ወሬ ይከፍታል። በአንዳንድ የላቲን አሜሪካ መደብሮች የሚገኘው ነጩ በቆሎ ወደ አገር ቤቱ ይጠጋል፤ በከሰል ላይ ይጠበስ።

ካሴቶቹን በሚመለከት አስቀድመው አንድ ነገር ያድርጉ፤ ላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ከዚያ በመስኮቷ በኩል ጥቅሉን ይመልከቱ፤ ነጭ አቧራ የሚመስል ሻጋታ ካለ በምንም ማጫወቻ አይክተቱት፣ ሻጋታው ማጫወቻውንም ሌላውንም ካሴት ይበክላል፤ ለባለሙያ ይስጡት። ንጹሕ ከሆነ ሳያጫውቱ አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ክር ይጣበቃል፣ ውጥረቱም ይዛባል። የማጫወቻውን ራስ በጥጥና በ90 በመቶ አልኮል ይጥረጉና ይድረቅ። ድምፁ ደክሞ የሚሰማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሩን ወደ ራሱ የምትገፋው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃለች ማለት ነው፤ ክሩ ራሱ ደህና ነው፣ ወደ ሌላ የካሴት ልባስ ሊዛወር ይችላል። ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ በገመድ አገናኝተው ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይቅዱ። የድምፁ ከፍታ ወደ ቀዩ ሳይደርስ ከዜሮ በታች ስድስት ዴሲቤል አካባቢ ቢቆም ጥሩ ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ጎን 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚፈጥን መንገድ የለም፣ ሙሉውን ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ፕሮግራሞቹ «ጩኸት ማጥፊያ» አላቸው። ያ መሣሪያ የሚያጠፋው ሳያቋርጥ የሚሰማን ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ደግሞ እንዲያ ያለ ድምፅ ነው። አያትዎ ክረምት ላይ ቀድተውት ከሆነ ከንግግራቸው ሥር ያለውን ዝናብ እንደ ቆሻሻ ይጠርግብዎታል። የመጀመሪያውን ቅጂ በምንም ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ማጥራት ከፈለጉ በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይሁን። በቪዲዮ ጥሪም እንደዚሁ ነው። ዘመድ ጋ ደውለው «ዝናቡን አሰሙኝ» ቢሉ ስልኩ ዝናቡን አፍኖ የሰዎቹን ንግግር ብቻ ያስተላልፍልዎታል። ይልቅ ደብረ ማርቆስ ያለ ዘመድ ከቆርቆሮ ሥር ሆኖ በድምፅ መቅጃ አሥር ደቂቃ ይቅዳ፤ ሲልክም በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይልነት አያይዞ ይላክ። መብራት አጥፍታችሁ ልጆቹን ያንን አሥር ደቂቃ እያሰሙ ያስተኟቸው። እኛ ከምንመክርዎ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቀውና የሚሠራው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ፎቶውን ለ14 ዓመቱ ልጅ ይተዉለት። ስካነር ካለ ለተለመደው መጠን 600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት መለኪያ)፣ ለጉርድ ፎቶ 1,200። ከሌለም በስልክ፦ ሰሜን የሚያይ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ሆኖ። በሚያጣብቅ ገጽ አልበም ውስጥ ያለ ፎቶ ካልተነቀለ በጉልበት አይንቀሉት፤ መጀመሪያ እዚያው እንዳለ ያንሱት፣ ከዚያ የጥርስ ክር ከሥሩ እያሳለፉ ቀስ ብለው ያላቅቁት። በውኃ የራሰ ጨርቅ አይንካው። ጀርባው ላይ ሲጻፍ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ጋ፤ እስክሪብቶ ተጭኖ ፊት ላይ ይወጣል። እናትዎን ሲያሳዩአቸው «ይሄ ማነው?» ብቻ አይበሉ፤ «ያነሳው ማነው? ከፎቶው ውጭ በስተቀኝ ምን ነበር?» ይበሉ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ ከተማውን ይነግርዎታል።

ከወንድምዎ ጋር ያለው ክርክር ከምናስበው በላይ ከአቆጣጠር የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በፈረንጅና በኢትዮጵያ ዓመት መካከል ያለውን ልዩነት ሰባት ብሎ ይይዛል። ሰባት የሚሆነው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። ክረምት ሙሉ በሙሉ በስምንቱ ውስጥ ይወድቃል። ነሐሴ 1982 ኦገስት 1990 ነው፤ በሰባት ያሰላ ሰው አንድ ዓመት ይስታል። ከዚያ ሁለታችሁም ዓመተ ምሕረቱን ትታችሁ «ስንተኛ ክፍል ጨርሰን ነበር?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ግንቦት 1983 መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የመጣው ክረምት ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ምልክት ነው፤ ጨሞጋ የሞላው ከዚያ በፊት ነው በኋላ? ለእናትዎ ደግሞ የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግርና ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 1967 እንዲሁ ያገለግላሉ።

ይህም ሁሉ ሆኖ ካልተገናኘ አትታረቁ። ወንድምዎ በሌሉበት የእርስዎን፣ እርስዎ በሌሉበት የእሳቸውን ቅጂ ይያዙ፤ አስቀድማችሁ ከተወያያችሁ አንዱ የሌላውን ትዝታ ይዋሳል፣ ከዚያ በኋላ የማን እንደሆነ አይለይም። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጡ። ታላቅ ወንድም ወንዙን ለማቋረጥ ኃላፊነት የነበረበት ነው፣ እርስዎ ደግሞ የታዘሉት ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለት ሰው አንድ ወንዝን ከሁለት ቦታ ሲያየው ሁለቱም እውነት ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ክረምት እሸትና ቡሄ ብቻ አይደለም። ጎተራው የሚጎድለው፣ አዲሱ እህል ያልደረሰው በዚያ ወቅት ነው፤ ለብዙ ቤት ሐምሌና ነሐሴ የጭንቅ ወራት ናቸው። በወንዝ ሙላት ወይም በክረምት በሽታ የሞተ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ድንገት ሊነሳ ይችላል። እናትዎ ድምፃቸው ከተቀየረ መቅጃውን ያጥፉና አብረዋቸው ይቀመጡ፤ «ከዚያስ?» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። በኋላ ላይ «ይህ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ? ለማን ይሰማ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ የተናገሩትንም ይፈጽሙ። ሳያስፈቅዱ ቁርጥራጩን ሙዚቃ አስገብተው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይለጥፉ። እናት ለልጅ ልጃቸው ያወሩትን አገር ሁሉ እንዲሰማው አልሰጡም።

እናትዎ ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ኮምፒውተርዎ ላይ፣ አንዱ በተለየ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ከቤትዎ ውጭ፣ በክላውድ ወይም ወንድምዎ ዘንድ። አራተኛውን በፍላሽ አድርገው ለእሳቸው ይስጧቸው። ቅጂውን ለፍላሹ ብቻ ወደ ኤምፒ3 ይቀይሩት፤ በማንኛውም ስልክና በታክሲ ሬዲዮ ሳይቀር ይከፈታል። የግቢውን ሥዕልም ሁለት አድርገው አንዱን አብሮት ይላኩ፤ ደብረ ማርቆስ ያለች እህታቸው ወይም የአክስታቸው ልጅ አይታ «ጎተራው እንኳ እዚህ አልነበረም» ብላ ካረመች፣ በቀይ እርሳስ አርማ ፎቶ አንሥታ ትላክልዎት።